ስድቡ በሰው ፊት፣ ይቅርታው ደረጃ ሥር፤ ምን ላድርግ?

የሒሳብ ሰው | ማክሰኞ ማታ 3፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ለመጻፍ አራት ቀን አመንትቻለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ያደግኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። እስካሁንም እዘምራለሁ። ነገሩ የከበደኝም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባለፈው ዓርብ ጠዋት ቢሮ ስገባ ለኦዲተር ያዘጋጀሁት ፋይል በውኃ ርሶ አገኘሁት። የሁለት ሳምንት ልፋት ነው። ደረሰኞቹ ተጣብቀዋል፣ የማኅተሙ ቀለም ፈስሷል። ቢሮውን የሚያጸዱት እናት መወልወያ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ምን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ጮህኩባቸው። «አንቺ፣ ዓይንሽ አያይም እንዴ?» አልኳቸው። በእናቴ ዕድሜ ናቸው። ሰባት የሚሆን ሰው ይሰማል። እሳቸው አንድ ቃል አልመለሱም። ባልዲያቸውን አንስተው ወጡ።

እውነቱ የታወቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ሐሙስ ያመሸ ባልደረባችን የውኃ ጠርሙሱን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶት ሄዶ ነበር። ተደፍቶ አደረ። ልጁ ራሱ መጥቶ ነገረኝ።

ወዲያው ፈልጌ ደረጃ ሥር አገኘኋቸው፤ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡት እዚያ ነው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ምንም አይደል ልጄ፣ ሰው ነህ» አሉኝ።

እሑድ፣ የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ የመፃጉዕ ዕለት፣ ከጓደኞቼ ጋር ቆሜ ስዘምር «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን» የሚለው ላይ ስንደርስ ድምፄ ጠፋ። ዓርብ ዕለት ልሳኔ አልጾመም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የሰደብኳቸው ሰባት ሰው ፊት ነው። ይቅርታዬን የሰማ ግን ማንም የለም። ይሄ ይበቃል? በሰው ፊት ልድገመው ስል ደግሞ «ትሕትናዬን እዩልኝ» ማለት መስሎ ይታየኛል።

ሌላም አለ። አገልግሎት ስል ሁልጊዜ የማስበው መዝሙሩን ነው። ቢሮውን የያዝኩት እንደ እንጀራ ብቻ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ክርስትናዬ የት ነው ያለው? እናንተ በየሥራችሁ እንዴት ትኖሩታላችሁ?

---

ወለተ ማርያም | ማክሰኞ ማታ 3፡50

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ለንስሐ አባትህ ንገር። እኛ የምንልህ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

እኔ ግን ይሄን ሳነብ ጸሎተ ሐሙስ ትዝ አለኝ። አባቶች በወይራና በወይን ቅጠል እግራችንን ሲያጥቡን ሁሌ አለቅሳለሁ። ጌታ ያን ማታ የይሁዳንም እግር አጥቧል። ዓመት በዓመት አለቅሳለሁ፣ ግን ቤቴ የምትሠራውን ልጅ «እግርሽን ታጥበሽ ተኚ፣ ደክሞሻል» ብያት አላውቅም። ዛሬ አልኳት።

---

ታክሲ ተራ | ማክሰኞ ማታ 4፡20

ሚኒባስ ነው የምነዳው። መስታወቴ ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ከጠዋት እስከ ማታ መዝሙር አሰማለሁ።

አምና አንዲት እናት ሊወርዱ ሲሉ «ልጄ፣ መዝሙሩን ትንሽ ቀንስና መልሴን አሰጠኝ» አሉኝ። ረዳቴ መልሳቸውን ይዞ ዝም ብሎ ነበር። እኔም በመስታወት እያየሁ ዝም ብያለሁ። ሰጠናቸው፣ ወረዱ። የቀረውን መንገድ መዝሙሩን ዘግቼ ነዳሁ።

ከዚያ ከረዳቴ ጋር ተነጋገርን። መልስ ሳይጠየቅ ይሰጣል። በዝናብና በምሽት ከታሪፍ በላይ አንጠይቅም። አዛውንት ሳይቀመጡ አልነሳም። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ግን ቀላል እንዳይመስልህ። ዝናብ ሲጥል ሌላው እጥፍ አስከፍሎ ሲጭን እያየሁ በታሪፍ መጫን ያንገበግባል። የቤት ኪራይ አለብኝ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። አንዳንድ ቀን ረዳቴ ይነጫነጫል፤ እውነት አለው። ከእኔ ድርሻ ላይ ጨምሬ እሰጠዋለሁ።

ስለ አንተ ጉዳይ፣ እኔ ብሆን በሰው ፊት እደግመው ነበር። የሰደብኩት በሰው ፊት ነዋ።

---

የደብሩ ጎረቤት | ረቡዕ ጠዋት 1፡05

ልጄ፣ ዕድሜዬ የገፋ ሰው ነኝ። በልጅነቴ የአብነት ትምህርት ትንሽ ቀምሻለሁ።

ማቴዎስ ምዕራፍ 5ን ክፈት። መባህን ይዘህ መሠዊያው ፊት ቆመህ ወንድምህ እንዳዘነብህ ትዝ ቢልህ፣ መባህን እዚያው ትተህ ሂድና ታረቅ ይላል። ልብ በል፣ አንተ ያዘንክበት ሰው ካለ አይደለም የሚለው። በአንተ ያዘነ ሰው ካለ ነው። ብዙዎቻችን የምንመረምረው የራሳችንን ቂም ነው። «እኔ በማንም አልተቀየምኩም» ብለን ቅዳሴ እንገባለን። በእኛ የተቀየመውን ማን ይቁጠረው?

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ገና አንጾኪያ ሳለ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ387፣ በጾም ወራት ያስተማረው ትምህርት አለ። ሕዝቡ በቀረጥ ተቆጥቶ የንጉሡን ሐውልት ሰባብሯል። ከተማው ቅጣት እየጠበቀ ይንቀጠቀጣል። ሁሉም ጿሚ ሆኗል። እሱ ግን ምን አላቸው? ከዶሮና ከዓሣ ተከልክለን ወንድማችንን የምንነክስና የምንበላ ከሆነ ምን ይጠቅመናል አላቸው። በዚያ ጭንቀት መሃል ለአንደበት ነበር ያሰበው።

የአንተ ድምፅ እሑድ መጥፋቱ መልካም ነው። አትፍራው።

---

ሲስተር ሌሊት | ረቡዕ ጠዋት 2፡30

ከሌሊት ተረኝነት አሁን መውጣቴ ነው፣ ሳልተኛ ልመልስልህ።

በሰው ፊት አትድገመው። ቢያንስ ሳትጠይቃቸው አታድርገው።

የደረሰብኝን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ሐኪም በበሽተኛ ፊት አዋረደኝ። በኋላ ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ታወቀ። በማግስቱ የጠዋት ስብሰባ ላይ አስነስቶ አቆመኝና ይቅርታ ጠየቀኝ። ከልቡ ነበር፣ አልጠራጠርም። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጭብጨባው ግን ለእሱ ነበር። እኔ መሃል ላይ ቆሜ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ደግሞ ትናንት ያልሰሙት ሁሉ ያን ቀን ሰሙ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ሁለቱን ነገር ለየው። ስማቸውን ማጥራት አንድ ነገር ነው። እሳቸውን ሰው ፊት ማቆም ሌላ ነው። ለሰባቱ ባልደረቦችህ እሳቸው በሌሉበት «ተሳስቼ ነበር፣ ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም» ማለት ትችላለህ። ለዚያ እሳቸው መቆም የለባቸውም።

ሥራን በተመለከተ እኔ የምኖረው በትንሽ ነገር ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጠያቂ የሌለው በሽተኛ ውኃ ሲጠይቅ። ቤተሰብ ከጎኑ ያለውን ሁሉም ያየዋል። ማንም የሌለውን ግን ካላየሁት ማንም አያየውም። በር ላይ አማትቤ ነው የምገባው፣ እንዳልሰለች። አንዳንዴ እሰለቻለሁ። ያኔ ኮሪደር ወጥቼ ትንሽ እቆምና እመለሳለሁ።

---

አስተማሪዋ | ረቡዕ ቀን 7፡10

እኔን ያመመኝ ጩኸቱ ሳይሆን «አንቺ» ያልካቸው ነው።

ቋንቋችን ላይ ያለ ነገር ነው። ለሥራ አስኪያጅዋ «እርስዎ»፣ በዕድሜ እናቷ ለሚሆኑት የጽዳት ሠራተኛ «አንቺ»። ለባለመኪናው «ጋሼ»፣ መኪናውን ለሚጠብቁት ሽማግሌ «አንተ»። ሳናስበው ነው ከአፋችን የሚወጣው፣ ለዚህም ነው የሚያስፈራው። ሳናስብ የምንናገረው የልባችንን ነው።

ትምህርት ቤታችን በር ላይ ያሉትን ጋሼ ተማሪዎቼ «አንተ» ሲሏቸው ሰምቼ ተቆጣሁ። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ እርስዎም ትናንት አንተ ብለዋቸዋል» አለኝ። አልዋሸም። ክፍሉ ፊት «ልክ ነህ» አልኩት። እረፍት ላይ ሄጄ ጋሼን ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲህ «እንዴት አደሩ» ሳልል በሩን አላልፍም። ልጆቹም ቀስ በቀስ ያዙት።

---

ጸጋ ይበዛል | ረቡዕ ማታ 1፡40

ሰላም ቅዱሳን። እኔ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ፤ ብዙዎቻችሁ ኦርቶዶክስ እንደሆናችሁ ገብቶኛል። ጥያቄው ግን የእኔም ነው።

ንብረት ክፍል ነበር የምሠራው። አንድ ቀን ሰማንያ ዕቃ ገብቶ የመቶ ሞዴል 19፣ የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ፣ እንድፈርም ተጠየቅኩ። አልፈረምኩም። ወደ ሌላ ክፍል ተዛወርኩ፣ አበሌም ቀረ። ቆላስይስ 3 ላይ የምታደርጉትን ሁሉ ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ አድርጉ የሚለውን ይዤ ነው የቆምኩት። እስካሁን አልጸጸትም።

የምጸጸትበት ሌላ ነው። ነገሩን ምስክርነት አደረግኩት። በየኅብረቱ ተነሥቼ አወራሁት። ባወራሁት ቁጥር እኔ ረዘምኩ፣ አለቃዬ አጠረ። ሰፈራችን ትንሽ ናት፣ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አንድ ቀን የአለቃዬ ልጅ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ስትሰማ አየኋት። ከዚያ በኋላ አላወራሁትም። እዚህም የጻፍኩት የሚያውቀኝ ስለሌለ ነው።

«ትሕትናዬን እዩልኝ ይመስላል» ያልከው ፍርሃት ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ያዘው።

---

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ረቡዕ ማታ 5፡55

እኔ ስለ ሁለተኛው ጥያቄህ ነው። «ዓላማዬ ምንድን ነው» ብዬ አሥር ዓመት ተጨንቄያለሁ። አሜሪካ ስትኖር ይሄ ጥያቄ ይብስብሃል። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ራይድ። እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ «ጌታ ሆይ፣ የመኪና ቁልፍ ለመቀበል ነው ወይ የፈጠርከኝ?» እላለሁ።

የረዳኝ የእማማ አበበች ጎበና ታሪክ ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ግን አንድ ነገር ላይ እንቁም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ሲሄዱ ድሃ አደግ ላሳድግ ብለው አልነበረም። ሊሳለሙ ነው የሄዱት። በቡናና በእህል ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ፣ ትዳር አላቸው። ወሎ ላይ ረሃቡን መንገድ ላይ አገኙት። የያዙት ዳቦና ጠበል ነበር። እሱን አካፈሉ። ከዚያ ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ትዳራቸው በዚህ ምክንያት ፈረሰ። በ2013 ሰኔ ላይ በኮሮና ሲያርፉ ስንቱ ልጅ «እናቴ» ብሎ አለቀሰ።

እኔ የማየው የመጀመሪያዋን ሰዓት ነው። እጃቸው ላይ የነበረው ዳቦ ነው። አሁን ፓርኪንግ ላይ እጄ ላይ ያለውን አያለሁ። አዲስ የመጡ ልጆች እዚያ ይቀጠራሉ፣ ቋንቋ አይችሉም። ፎርማቸውን እሞላላቸዋለሁ። ሌላ የማውቀው የለኝም።

---

እህታችሁ ከሪያድ | ሐሙስ ሌሊት 7፡30

ሁላችሁንም አነበብኩ። የምሠራው ሰው ቤት ነው። ስለዚህ እኔ ያለሁት በእኚያ እናት ቦታ ነው።

እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም። በስልክ ቅዳሴ እሰማለሁ፣ ድምፁን ቀንሼ። ጾሙ ከእነሱ ረመዳን ጋር ገጥሟል። ለማፍጠሪያ ሥጋ እሠራለሁ፣ ጨውን ሳልቀምስ በግምት ነው። እመቤቲቱ እንደምጾም ካወቀች ወዲህ እየቀመሰች ትነግረኛለች። ደግ ሴት ናት። ከእሷ በፊት የነበሩት ግን እንደዚህ አልነበሩም።

የሒሳብ ሰው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከጮህክ በኋላ ምን ደረሰባቸው? ሁላችሁም ስለ ስድቡና ስለ ይቅርታው ጻፋችሁ። እኔ ስሰደብ ስድቡን ብዙ አላስበውም። ይረሳል። የማስበው ከኋላው የሚመጣውን ነው። ደመወዜ ይቆረጥ ይሆን? ወደ ኤጀንሲ ይመልሱኝ ይሆን? ሌሊቱን በዚያ ነው የማልተኛው።

«ምንም አይደል ልጄ» ብለውሃል። እኔም «ምንም አይደል» እላለሁ። ሌላ ምን ልበል?

---

የሒሳብ ሰው | ሐሙስ ጠዋት 1፡20

እህቴ፣ አልጠየቅኳቸውም። ጭራሽ አላሰብኩትም። ዛሬ እጠይቃለሁ።

---

የሒሳብ ሰው | ሐሙስ ማታ 2፡45

ጠየቅኳቸው።

መጀመሪያ «ተወው ልጄ» አሉ። «በማርያም ይንገሩኝ» ስላቸው ነው የነገሩኝ። የተቀጠሩት በድርጅታችን አይደለም፣ በጽዳት ኤጀንሲ በኩል ነው። ዓርብ ዕለት የኤጀንሲው ተቆጣጣሪ ሕንጻው ውስጥ ነበር። ጩኸቴን ሰምቷል። በዚያው ቀን «የደንበኛ ንብረት ላይ ጉዳት በማድረስ» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጻፈባቸው። የሁለት ቀን ደመወዝም እንደሚቆረጥ ነገራቸው። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ከመጣ እንደሚሰናበቱ ተጽፎበታል። ደብዳቤውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አሳዩኝ። ማንበብ ስለማይችሉ የጎረቤት ልጅ ነው ያነበበላቸው።

እኔ ደረጃ ሥር «ይቅርታ» ስላቸው ያ ደብዳቤ እዚያው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ታስሮ ነበር። «ምንም አይደል ልጄ» ያሉኝ እሱን ይዘው ነው።

ሌላ የምጽፈው ቃል የለኝም ለዛሬ።

---

የደብሩ ጎረቤት | ሐሙስ ማታ 3፡30

ይህ ሳምንት የመፃጉዕ ነው ልጄ። 38 ዓመት በአልጋው ላይ የተኛው ሰው ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው የመለሰውን ታውቃለህ። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ውኃው አጠገቡ ነበር። የሚያወርደው ነው ያጣው።

እኚያ እናት ሰው የላቸውም። አንተ ደግሞ መጻፍ ትችላለህ።

---

ጸጋ ይበዛል | ሐሙስ ማታ 3፡55

ዘኬዎስን አንብበው፣ ሉቃስ 19። ጌታ ቤቱ ሲገባ ዘኬዎስ «ይቅር በለኝ» ብሎ አላቆመም። ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደሆነ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። በሐሰት ከስሼ ነው ያለው። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ይቺን ቃል ዛሬ ነው ያየኋት።

---

የሰው ኃይል | ዓርብ ጠዋት 2፡15

በሰው ኃይል አስተዳደር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስሜቱን ሌሎቹ ጽፈዋል፣ እኔ ሥራውን ልንገርህ።

በቃል አትጨርሰው። «ደውዬ እነግራቸዋለሁ» አትበል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ነው፣ መሻሪያውም በጽሑፍ መሆን አለበት። ደብዳቤ ጻፍ። ቀኑን፣ የሆነውን፣ ጥፋቱ የእሳቸው አለመሆኑን በግልጽ አስቀምጥ። ጠርሙሱን የረሳው ልጅም ይፈርም፣ የእሱ ፊርማ ከአንተ ይበልጣል። በድርጅትህ በኩል ወጪ ሆኖ ቁጥርና ማኅተም ይኑረው። ለኤጀንሲው ሥራ አስኪያጅ ላክ እንጂ ለተቆጣጣሪው ብቻ አትስጥ። ግልባጭ ለእሳቸው ይድረስ።

ሁለት ነገር ጠይቅ። ማስጠንቀቂያው ከግል ማኅደራቸው እንዲነሣ፣ መነሣቱም በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው። የተቆረጠ ካለ እንዲመለስ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሠሪ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልተፈቀደለት፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ፣ ደመወዝ መቁረጥ አይችልም። ይህን በትሕትና አንሣው። ተቆጣጣሪውን አትክሰስ። የሰማውን ነው የጻፈው፣ ያሰማኸው ደግሞ አንተ ነህ።

ደግሞ ከመጻፍህ በፊት እሳቸውን አስፈቅድ። ኤጀንሲው «አሳበቁ» ብሎ ቂም እንዳይዝባቸው የሚፈሩ ከሆነ ማወቅ አለብህ።

---

ሲስተር ሌሊት | ዓርብ ቀን 6፡00

የመጨረሻዋን ነጥብ ሁለት ጊዜ አንብባት።

---

የሒሳብ ሰው | ቅዳሜ ማታ 1፡30፣ ለገብር ኄር ዋዜማ

ዘጠኝ ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የሆነውን በአጭሩ።

አስፈቀድኳቸው። አንድ ቀን አስበው «ጻፍ» አሉኝ። ሰው ፊት ይቅርታ ልድገም ወይ ስላቸው ግን እጃቸውን አወዛወዙ። «ሰው ፊት አታቁመኝ» አሉ። ሲስተር፣ ልክ ነበርሽ። ለባልደረቦቼ ሰኞ ጠዋት እሳቸው ሳይኖሩ ነገርኳቸው። «ዓርብ ዕለት የጮህኩት በሐሰት ነው፣ የእናንተም ጆሮ ሰምቷልና ለእናንተም መናገር አለብኝ» አልኩ። ማንም አላጨበጨበም። አንዷ ልጅ አቀርቅራ ቀረች። በኋላ መጥታ «እኔም ያን ቀን ዝም ማለቴ ያስጨንቀኝ ነበር» አለችኝ።

ጠርሙሱን የረሳው ልጅ ደብዳቤው ላይ ፈረመ። አላስለመነኝም። አለቃችን ግን መጀመሪያ «ለዚህ ደግሞ ደብዳቤ?» አሉ። ፋይሉን እንደገና ለማዘጋጀት እሑድ ጭምር መግባቴን ያውቃሉ። «ለወረቀቱ ይህን ያህል ከደከምኩ፣ ለእሳቸው ይህቺ ምን አላት?» አልኳቸው። ፈረሙ። ወጪ ሆነ።

የሁለት ቀኑ ደመወዝ ሐሙስ ተመልሷል። ማስጠንቀቂያው ግን ገና ነው። ተቆጣጣሪው «አንዴ ከገባ አይወጣም» ይላል። የኤጀንሲው ሥራ አስኪያጅ ሰኞ 3 ሰዓት ቀጥረውኛል። ልጁም አብሮኝ ይመጣል።

ጠዋት ጠዋት አሁን «እትዬ፣ እንዴት አደሩ» እላቸዋለሁ። በስማቸው። ስማቸውን ያወቅኩት ማስጠንቀቂያው ላይ አንብቤ ነው፤ አምስት ዓመት አብረን ስንሠራ አላውቀውም ነበር።

ነገ በዝማሬው እቆማለሁ። ንስሐ አባቴ ቁም ብለውኛል።

---

እህታችሁ ከሪያድ | እሑድ ሌሊት 8፡05

ሰኞ ከቀጠሮው ስትወጣ ጻፍልን። እኔ ሥራ የምጨርሰው በዚህ ሰዓት ስለሆነ ማታ ላይ ከፍቼ አያለሁ። ስማቸውን በውስጥ ላክልኝ፣ በጸሎቴ አስባቸዋለሁ።